ዘጠኝ ቀይ ቅርፊት

ጎንፋ ሰው አያምንም ሲባል ሐሜት አይደለም፤ እሱም ቢጠየቅ አይክድም። ሚስቱ ዘውደነሽ ገበያ ውላ ስትመለስ የጨዉን ስፍር ደግሞ ይሰፍራል። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪው ሰሌዳ ላይ «ሀ» ብሎ ሲጽፍ፣ «ይሄ ‹ሀ› ለመሆኑ ማን ምስክር አለህ?» ብሎ ክፍሉን ሙሉ አስቋል። በሁሩሙ ገበያ አንድ ሰው ዋጋ ቀንሶ የሸጠለት እንደሆነ ደስ ከማለት ይልቅ ይደነግጣል። ዕቃውን ገልብጦ ያያል፤ ቢችል ሻጩንም ገልብጦ ቢያየው አይጠላም።

ግን ማንም ሰው ከእናቱ ሆድ ተጠራጣሪ ሆኖ አይወጣም። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሰፋሪዎቹ በመኪና ተጭነው በመጡበት ዓመት፣ የደን ሠራተኛ ነኝ ያለ አንደበተ ለስላሳ ሰው ወደ ወንድሙ ጫካ ገብቶ ነበር። ንቦቹን አደነቀ፣ ነጩን ማር እየላሰ አደነቀ፣ ከዚያ ዛፎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ደብተር ላይ አሰፈረ። ለምንድነው ሲሉት «ለጥናት ነው» አለ። በሦስተኛው ወር መጋዝ መጣ፤ ጫካው በሙሉ ወራጅና ማገር ሆኖ ተጫነ። ጎንፋ ሰፋሪዎቹን አይወቅስም፤ እነሱም ወደው አልመጡም። የሚወቅሰው ያን ደብተር ነው። ወንድሙ ዛሬ ያዮ ውስጥ በሰው ጫካ ቡና ይለቅማል።

ለጎንፋ የቀረለት የራሱ ቆቦ ነው። ቆቦ በዚያ አገር አባት ቀድሞ ቀፎ የሰቀለበት የጫካ ድርሻ ነው። ወሰኑ በወንዝና በዛፍ ይታወቃል እንጂ ወረቀት የለውም፤ መሬት የሕዝብ ሆኗል ከተባለ ወዲህም ጎረቤት የጎረቤቱን ቆቦ ያከብራል። በጎንፋ ቆቦ ውስጥ ቀፎ ያለባቸው ዘጠኝ ትልልቅ የቀረሮ ዛፎች ቆመዋል። አባቱ እየወጣ የሰቀለባቸው፣ እሱም በጉልበቱ ዘመን የወጣባቸው ናቸው፤ ሃያ ሰባት ቀፎ ተሸክመዋል። ግብሩም፣ የማኅበሩ መዋጮም፣ የልጆቹ ደብተርም፣ የዘውደነሽ ነጠላም ከእነሱ ላይ ነው የሚወርደው። ክፋቱ ቀረሮ ጥሩ ጣውላ ይወጣዋል፤ የጣውላ ፋብሪካው ሰዎችም ይህን ከጎንፋ እኩል ያውቃሉ።

በሰባ ዘጠኝ ግንቦት፣ ማሩን በአህያ ጭኖ መቱ ወረደ። ማሩን የሚገዛው ሙሐዲን የሚባል ባለሱቅ ነው፤ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው መቱ የቀሩ፣ እሱ ግን ኦሮምኛውን ከጎንፋ እኩል የሚናገር፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። ከሱቁ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ ሦስት ትልልቅ ወረቀት ተለጥፏል። በእያንዳንዱ ላይ የሰው ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፉ በላይ ደግሞ የእንስሳ ሥዕል አለ።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ጎንፋ።

«የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ነው ጋሽ ጎንፋ። ሦስት ሰው ለእጩነት ቀርቧል፤ ከሦስቱ አንዱን እናንተ ትመርጣላችሁ።»

«ሦስቱንስ ማን መረጣቸው?»

ሙሐዲን ግራና ቀኙን አየ። «ማሩን ወደ ውስጥ እናስገባው፣ ፀሐይ እየመታው ነው» አለ። ሰማዩ ግን ደመና ነበር።

ማሩ ከገባ በኋላ ጎንፋ ወደ ግድግዳው ተመልሶ ቆመ። በዝሆኑ ሥር ያለውን ሰው ወዲያው ለየው፤ የጣውላ ፋብሪካው ምክትል ኃላፊ ጓድ ዳምጤ ነው። በአንበሳው ሥር ያሉት የመቱ አስተማሪ ናቸው። ሦስተኛውን አያውቀውም፤ ከሲታ፣ መነጽር ያጠለቀ፣ ገና አርባ ያልሞላው ሰው ነው። በላዩ ያለውን እንስሳም አያውቀውም።

«ይሄ ከብት አንገቱን ምን ነክቶት ነው?»

«ቀጭኔ ናት።»

«እንዲህ ያለ ፍጥረት የለም። በዓይኔ ባላየሁት አውሬ ሰው አልመርጥም። ምን ይላል ጽሑፉ?»

ጎንፋ ከመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት አለው፤ ግን ረጅም ቃል ሲገጥመው መሐሉ ላይ ይደክማል። ሙሐዲን አነበበለት። «ጓድ ዲንቃ በዳሳ። ከድሃ አርሶ አደር ቤተሰብ የተወለዱ...»

«ያኛውስ?»

«ጓድ ዳምጤም ከድሃ አርሶ አደር ቤተሰብ ነው የሚለው።»

«በዚህ አገር የሀብታም ልጅ የሚባል አልተወለደም ማለት ነው። ቀጥል።»

«በምሥራቅ ጀርመን ለሁለት ዓመት በደንና በአካባቢ ጥበቃ ሕግ ሠልጥነው የምስክር ወረቀት ያገኙ። በደን ጥበቃ ሥራ ለአሥራ አንድ ዓመት ሰፊውን ሕዝብ ያገለገሉ።»

ጎንፋ የቀረው ነገር ሁሉ አለፈውና «ደን ጥበቃ» የሚለው ላይ ቆመ። «አካባቢ ማለት ምንድነው?»

«ዙሪያችን ያለው ሁሉ። ዛፉ፣ ወንዙ፣ አየሩም ጭምር።»

«አየሩም ሕግ አለው?»

«ጀርመን አገር ሳይኖረው አይቀርም።»

«ወንድሜ ጫካ የገባውም ደን ጥበቃ ነበር። የቱን ሕዝብ ነው አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለው? እኔን አላገለገለኝም። ዳምጤን አውቀዋለሁ፤ ዛፍ ሲያይ ምራቁን የሚውጥ ሰው ነው፣ አይደብቅም። ይሄ ግን ዛፍ ልጠብቅ የሚል ነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።»

«እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብዎት ነው እንጂ፣ ሰውዬው ክፉ ሲወራበት አልሰማሁም።»

«ምን ሲወራበት ነው የሰማኸው?»

ሙሐዲን አሰበ። «ምንም» አለ።

«አየህ» አለ ጎንፋ። ስለ እሱ ምንም የማይወራ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለጎንፋ ከሌባ ይብስ ነበር።

በሳምንቱ ዲንቃ ራሱ መጣ። በመኪና አይደለም፤ ከሁሩሙ በእግሩ ነው የመጣው፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ በአንድ እጁ ትንሽ የቀለም ጣሳ፣ በሌላው ብሩሽ ይዞ። ብብቱ ሥር ደብተር አለ። ጎንፋ ከሁሉ ቀድሞ ያየው ደብተሩን ነው።

ሰውዬው ወደ ቆቦው የሚያስገባውን ምንጭ አልተሻገረም። ከወዲያ ማዶ ቆሞ ተጣራ። «ኦቦ ጎንፋ፣ ነጋ ጅርቱ?» አለ፤ የያዮ ሰው ኦሮምኛ ነው የሚናገረው። ጎንፋ ሰላምታውን መለሰና ግባ አላለውም። ዲንቃም አልገባም። ማዶ ለማዶ ተፋጠጡ፤ በመጨረሻ የተሸነፈው ጎንፋ ነው፤ ወይ ሰውዬው የሚሠራውን በዓይኑ ማየት ስለፈለገ ይሆናል።

«የሕግ ተማሪ ነህ አሉኝ» አለ፤ ወደ ውስጥ እየመራው።

«ትንሽ ተምሬያለሁ ጋሼ።»

«እስቲ ልጠይቅህ። ከእኔ ቀፎ የወጣ ንብ ሄዶ የጎረቤቴ ቀፎ ቢገባ፣ የማን ነው?»

«የገባበት ቀፎ ባለቤት ነው። ንብ አይከሰስም፣ አይመለስም።»

«ነፋስ የጣለው ቀፎስ?»

«ማሩ የባለቤቱ ነው፤ አግኝቶ ለነገረው ሰው አንድ ቁራጭ እሸት ማር ይሰጠዋል። ደብቆ የበላ እንደሆነ ግን ቀፎ ሠርቶ በሽማግሌ ፊት ይክሳል።»

«ባለቤቱ በሌለበት ቆቦ የገባ ሰውስ?»

«ባለቤቱ ሳይኖር በሰው ቆቦ እግር አይገባም። ጉዳይ ያለው ወሰኑ ላይ ቆሞ ይጣራል፤ መልስ ካጣ ይመለሳል። ለምን ቢሉ፣ ንቡ የቤቱን ሰው ጠረን ያውቃል ይላሉ። እኔ ግን ሰው እንዲከባበር ይመስለኛል።»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ መልስ ልቡ ይራራ ነበር። የጎንፋ ልብ ግን ድንጋይ ሆነ። ይሄን ማን ነገረው? እንዲህ ያለው ነገር ጀርመን አገር አይገኝም። ሰውን በገዛ ሕጉ ሊሸነግለው አጥንቶ የመጣ ነው እንጂ። ያኛው የወንድሙ ሰውዬ ማሩን ብቻ ነበር ያደነቀው፤ ይሄኛው ጠልቆ ገብቷል። ጎንፋ ፈራው።

ዲንቃ የዛፎቹን ዕድሜ ጠየቀ፣ የትኛው ቀፎ በየትኛው ዓመት እንደተሰቀለ ጠየቀ፣ ጻፈ። ከዚያ ጣሳውን ከፈተና በመጀመሪያው ቀረሮ ግንድ ላይ፣ በሰው ደረት ከፍታ፣ መዳፍ የምታህል ቀይ ምልክት ቀባ። ወደ ሁለተኛው ሄደ። በመንገዱ ላይ ያለውን ዋንዛ፣ ቀፎ ያልተሰቀለበትን ሌላ ቀረሮ ሁሉ እያለፈ፣ ዘጠኙን ብቻ ለይቶ ቀባ። ዘጠነኛውን ቀብቶ ሲጨርስ ጎንፋ መንገዱ ላይ ቆመበት።

«ለምንድነው ይሄ?»

ዲንቃ ብሩሹን በሣር ጠረገ። «ጋሼ፣ አሁን ልነግርዎት አልችልም። ቢነገር የሚበላሽ ነገር ነው። ምርጫው ይለፍ፣ ሰኔ ይግባ፣ ራሴ መጥቼ አስረዳዎታለሁ። እስከዚያው አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ይህን ቀለም ማንም እንዳይነካው።»

«ማንም?»

«እርስዎም ቢሆኑ።»

«ምርጫው ይለፍ» ያለው ቃል የጎንፋን ጥርጣሬ እርግጥ አደረገው። በሕይወቱ «በኋላ አስረዳሃለሁ» ያለው ሰው ሁሉ፣ በኋላ ሲደርስ የሚረዳ ነገር አላስቀረለትም ነበር።

በዚያው ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጎረቤቱ ዶሪ መጣ። ዶሪ ዓለም ቢገለበጥ «ይገልበጥ፣ ሌላ ጎኑን እናያለን» የሚል ሰው ነው። የእሱም አራት ዛፎች ተቀብተዋል።

«ዝም ልትል ነው?» አለው ጎንፋ።

«ዛፉ በቀለም አይታመምም። ሰውዬው አትንካ ብሎኛል፣ አልነካም። ነገርን ከሥሩ ነው የሚይዙት፤ ሰኔ ሩቅ አይደለም።»

«ወንድሜም እንዲህ ብሎ ነበር።»

ዘውደነሽ ከወዲያ ጥግ ሆና፣ «ለምን ደግመህ አትጠይቀውም? አፍ አለህ፣ አፍ አለው» አለች። ጎንፋ ገጀራውን አንሥቶ ወጣ።

አንድ በአንድ ላጣቸው። ዛፉን ላለመጉዳት ተጠንቅቆ፣ የተቀባውን ቅርፊት ብቻ፣ መዳፍ የምታህለውን፣ ከላይ ከላይ አነሣ። ከሥሩ ነጭ ወተት አነባ። ዘጠኙንም በጆንያ ከተተ። ሊጥላቸው አልነበረም፤ ማስረጃ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በእድሜው ማስረጃ በእጁ ገብቷል፤ በእውነት ደስ ብሎት ነው ያደረው።

የእጩዎቹ ትውውቅ ስብሰባ በሁሩሙ አዳራሽ ሆነ። አዳራሹ አዲስ አግዳሚ ወንበር ገብቶለታል፤ የገባለትም ከጣውላ ፋብሪካው ነው። ጓድ ዳምጤ ሲናገር ይህን አልጠቀሰም፤ ግን በየንግግሩ መሐል ወንበሩን በእጁ መታ መታ ያደርግ ነበር። ምርት፣ እድገት፣ ጣውላ አለ። ተጨበጨበለት። አስተማሪው ስለ ትምህርት ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸው። ዲንቃ ተነሥቶ አጭር ነገር ተናገረ፤ ደን ሲጠፋ ዝናብ እንደሚጠፋ፣ ሕግ የሚጠቅመው ሰው ሳያውቀውም ሲጠብቀው እንደሆነ። የመጨረሻው ለጎንፋ የዛቻ ያህል ተሰማው።

ሰብሳቢው ካድሬ «በእጩዎቹ ላይ አስተያየት ያለው» ሲል ጎንፋ ጆንያውን ይዞ ተነሣ። ወደ ፊት ሄደ፤ ዘጠኙን ቅርፊት በጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። ቀይ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዞረ።

«እኔ ጎንፋ ነኝ። ሁላችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ወንድሜንም ታውቁታላችሁ። ይሄ ጓድ ሕግ ተምሬያለሁ፣ ሕዝብ አገልግያለሁ ይላል። ቤቴ መጥቶ ንቡን ጠየቀኝ፣ ዛፉን ቆጠረ፣ ጻፈ። ቀፎ የተሸከሙትን ብቻ መርጦ ይህን ቀባ። ለምን ስለው ከምርጫ በኋላ አለኝ። አትንካ አለኝ። ምልክት የሚደረግበት በግ ምን እንደሚሆን የማያውቅ እዚህ ውስጥ አለ?»

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ጎንፋ ዞሮ ዲንቃን አየው። የጠበቀው ቁጣ ነበር፤ ወይ ክህደት። ዲንቃ ግን ቅርፊቶቹን እያየ ፊቱ አመድ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ከሁሉም ላይ ላጡት?» አለ በቀስታ።

«ከሁሉም። አንድም አላስቀረሁልህ።»

ሰብሳቢው «ጓድ ዲንቃ፣ ምልክቱ ምን እንደሆነ ለሰፊው ሕዝብ ያስረዱ» አለ።

ዲንቃ መነጽሩን አወለቀ። መጀመሪያ ጎንፋን አየ፤ ከዚያ አጠገቡ የተቀመጠውን ጓድ ዳምጤን። ዳምጤ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ፣ ጆሮውን ሰጥቶ እየጠበቀ ነበር። ዲንቃ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ።

«ለጥናት ነው» አለ።

ከወንድሙ ጫካ ወዲህ ያን ቃል የማያውቅ በሁሩሙ የለም። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተቀበለ፤ ወዲያው አዳራሹ በሙሉ ይስቅ ጀመር። ጎንፋ ቅርፊቶቹን ሰብስቦ ወደ ቦታው ሲመለስ ሰዎች ትከሻውን መቱት። ዳምጤ እንኳ ጭንቅላቱን ነቀነቀለት። ጎንፋ ያን መነቅነቅ አልወደደውም፤ ግን ቀኑ የእሱ ነበርና ብዙ አላሰበበትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ጎንፋ ከቤቱ በላይ ካለው ቡና ውስጥ አረም እየነቀለ ሳለ ዲንቃ በጎዳናው ሲመጣ አየው። ያንኑ ጣሳ ይዟል። ጎንፋ ቁጭ አለ፤ ቡናው ሸፈነው። ሰውዬው ምንጩ ጋ ቆሞ ተጣራ። ደግሞ ተጣራ። ዘውደነሽ ወጣችና አነጋገረችው፤ ድምፃቸው አይሰማም። ሰውዬው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ተቀምጦ ጠበቀ፤ ጎንፋም ጉልበቱ እስኪደነዝዝ ቡናው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ። ማን ይሰለቻል የሚለው እልህ ነበር። በመጨረሻ የተነሣው ዲንቃ ነው። ጣሳውን አንሥቶ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጫካው አይቶ፣ ሄደ።

ጎንፋ ከቡናው ሲወጣ ዘውደነሽ ልትነግረው አፏን ከፈተች። «ስለዚያ ሰው በቤቴ እንዳይነሣ» አላት። እሷም ይህን ሰው ሠላሳ ዓመት ታውቀዋለች፤ ዘጋችው።

ምርጫው በሰኔ ሆነ። ዝሆኑ አሸነፈ። ጎንፋ ራሱ ለዝሆኑ ነው የሰጠው፤ ቢያንስ ዝሆን አይቶ ያውቃል። ዲንቃ ዛፍ ወደሌለበት ወደ ኦጋዴን ተዛወረ ተባለ። ሙሐዲን ይህን ሲነግረው ጎንፋ «ዛፍ ወዳድ አልነበር? እንዴት ሄደ?» ብሎ ቀለደ። ሙሐዲን አልሳቀም። «ሲሄድ ሱቄ መጥቶ ስለ እርስዎ ጠየቀኝ፤ ማር መቼ እንደሚያመጡ» አለው። ጎንፋ ይህንንም ጠረጠረው።

ክረምቱ አለፈ። በሰማንያ ታኅሣሥ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ መጋዙ መጣ።

የጣውላ ፋብሪካው ቡድን መሪ ጠና ያለ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ከዶሪ ቆቦ ጀምሮ የቡድኑ ሰዎች ሲዘዋወሩ ጎንፋ ገጀራውን ይዞ ተከተላቸው። ከዶሪ ጫካ ብዙ ዛፍ ወደቀ። አራቱ ቀይ ምልክት ያለባቸው ጋ ሲደርሱ ግን ሰዎቹ እጃቸውን አልዘረጉባቸውም፤ ዞረው አለፉ። ቀፎዎቹ ላያቸው ላይ እንዳሉ ናቸው።

ጎንፋ የቡድን መሪውን ክንድ ያዘ። «እነዚህን ለምን ተዋችኋቸው?»

ቡድን መሪው ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ትእዛዝ አለብን አባቴ። ‹በደን ጥበቃ ባለሙያ በቀይ ቀለም ምልክት የተደረገባቸው እናት ዛፎች በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ አይነኩም› ይላል። እናት ዛፍ የሚባለው ለዘር የሚቀር ነው። የፈረመው ዲንቃ በዳሳ የሚባል ሰውዬ ነው።»

«መቼ ፈረመ?»

«በሚያዝያ። ከአዲስ አበባ ጸድቆ የመጣው ግን በሰኔ ነው። ጓድ ዳምጤ ሊያሰርዙት ብዙ ደክመዋል፤ አንቀጹ አላስነካ አላቸው። ከመጽደቁ በፊት ሰምተው ቢሆን ኖሮ እዚያው ያስቀሩት ነበር። ብልጥ ሰው ነው፤ አፉን ዘግቶ ነው ያሳለፈው።» ወረቀቱን አጠፈ። «እርስዎ ዘንድ ስንት ቀይ አለዎት?»

ጎንፋ እየሮጠ ቤቱ ገባ፤ በዚያ እድሜው ሲሮጥ ያየው ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት ተነሣ። ጆንያው ከጣራው ሥር ተሰቅሎ ነበር። ቅርፊቶቹ ደርቀው ተጠማዝዘዋል፤ ቀለሙ ግን እንዳለ ነው፣ አልደበዘዘም። ልጥ ቆርጦ ወደ ቆቦው ተመለሰ።

በመጀመሪያው ቀረሮ ላይ የተላጠው ቦታ ጠባሳ አበጅቷል። ቅርፊቱን በጠባሳው ላይ አስደግፎ በልጡ አሰረው። አልገጠመም፤ የሌላኛው ዛፍ ነበር። ፈትቶ ሌላ ሞከረ። ሁለተኛውን አሰረ፣ ሦስተኛውን አሰረ። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ቡድን መሪው መጥቶ ከኋላው ቆመ፤ ሰዎቹም መጋዛቸውን ትከሻቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ። ማንም አልሳቀም።

«አባቴ» አለ ቡድን መሪው፣ «እኔ የተባልኩት የተቀባ ነው። ይሄ የታሰረ ነው።»

«ከዚህ የተላጠ ነው። እኔ ነኝ የላጥኩት።»

«አምንዎታለሁ። ግን በእጅ የሚታሰር ምልክት ከተቀበልኩ፣ ነገ ሁሉም ሰው አስሮ ይጠብቀኛል። ባለሙያው ቢኖር ይመሰክር ነበር። ወይ ያኔውኑ መልሶ ቢቀባው ኖሮ...» አልጨረሰም።

ዘውደነሽ ደርሳ ነበር። ቀፎ የሚወርድበት ገመድ ይዛለች፤ ቢያንስ ቀፎዎቹን ልታተርፍ ነው የመጣችው። የሰውዬውን ቃል ሰምታ ቆመች።

«ሊቀባ መጥቶ ነበር» አለች።

ጎንፋ ዞሮ አያት።

«ያን ቀን። እዚያ ምንጩ ጋ። ጣሳውን ይዞ። ‹ጎንፋ የለም፣ አንተ ግን ግባና ቅባ፣ እኔ ፈቅጄልሃለሁ› አልኩት። ‹ዛፎቹ የቱ ጋ እንዳሉ ታውቃለህ› አልኩት። ‹እትዬ፣ ባለቤቱ ሳይኖር በሰው ቆቦ እግር አይገባም› አለኝ። ‹እሱ እስኪመጣ ልጠብቅ› ብሎ ተቀመጠ። ልነግርህ ነበር፤ በቤቴ እንዳይነሣ አልክ።»

ጎንፋ ከቡናው ውስጥ ሆኖ ያየው ያ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው በዓይኑ መጣበት፤ ጭቃ ጫማው፣ ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠው ጣሳ፣ ወደ ጫካው ያያት የመጨረሻዋ እይታ። በጥሪ ርቀት ነበር። አንድ ጊዜ «አቤት» ቢለው ይበቃ ነበር። ጎንፋ አፈረ፤ በሰው ፊት፣ በሚስቱ ፊት፣ በዛፎቹ ፊት አፈረ።

ቡድን መሪው ከመጀመሪያው ዛፍ ላይ ልጡን ራሱ ፈታ፤ ቅርፊቱን አልጣለውም፣ አምጥቶ ለጎንፋ ሰጠው። «ቀፎዎቹን አውርዱ፤ እስከ ቀትር እንጠብቃችኋለን» አለ።

ዘውደነሽ ገመዱን ዘረጋችለት። ጎንፋ ቅርፊቱን መሬት አስቀምጦ ገመዱን ተቀበላትና፣ አባቱ ወደሰቀለው ቀፎ ለመጨረሻ ጊዜ መውጣት ጀመረ።